የፐልፕ ጀብዱ ታሪክ ጽፎ ለአሜሪካ አነስተኛ አሳታሚዎች መላክ፦ ደረጃ በደረጃ

«በእንግሊዝኛ የጀብዱ ታሪክ ጽፌያለሁ፤ አሜሪካ ውስጥ ለማን ልላከው?» የሚል መልእክት ከቨርጂኒያም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከዱባይም ይደርሰኛል። እስካሁን ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻ ስመልስ ቆይቻለሁ፤ አሁን ሁሉንም አንድ ቦታ ላስቀምጠው።

ፐልፕ ስል ድርጊት የበዛበት፣ የሚፈጥን፣ ጀግናው በገዛ ብልሃቱና ጉልበቱ ከመከራ የሚወጣበት ልብ አንጠልጣይ ጀብዱ ማለቴ ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ይህን ዘርፍ የሚያሳትሙት በአብዛኛው ጥቂት ሰዎች የሚመሯቸው አነስተኛ አሳታሚዎች ናቸው። ብዙዎቹ በወኪል በኩል ካልመጣችሁ አይሉም፤ ስማችሁን ሰምተው ባያውቁም ታሪካችሁን ያነባሉ።

ከሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ አሳታሚ ፍለጋ የሚወጡት ታሪኩን ጨርሰው ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፦ መጀመሪያ አሳታሚውን ምረጡ፣ የሚፈልገውን አንብቡ፣ ከዚያ በልኩ ጻፉ። እስከ 8,000 ቃል ብቻ የሚቀበል መድበል 14,000 ቃል ቢላክለት ታሪኩ ምንም ያህል ቢያምር አይመለከተውም። የሚቀጥሉት ደረጃዎች በሙሉ በዚህ ቅደም ተከተል የተሠሩ ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዎርድ ፋይል የሚያወጣ የጽሑፍ ፕሮግራም። በነፃ የሚወርደው ሊብሬ ኦፊስ ይበቃል።
- በስማችሁ የተከፈተ የኢሜይል አድራሻ። ውሉም ክፍያውም በዚሁ ስለሚመጣ የቀልድ ስም ያለው አድራሻ አትጠቀሙ።
- ከምትልኩለት አሳታሚ ቢያንስ አንድ መጽሐፍ። ኢ-ቡኩ ከወረቀቱ ይረክሳል።
- ሁለት አንባቢዎች፦ አንዱ እንግሊዝኛ የሚያርም፣ ሌላው ጀብዱ የሚወድና ኢትዮጵያን የማያውቅ። ሁለተኛው ሰው ለእኛ ግልጽ የሆነው ነገር ለሌላው የት ላይ እንደሚጨልም ያሳያችኋል።
- የት፣ መቼ፣ ምን እንደላካችሁ የምትመዘግቡበት ደብተር ወይም ሠንጠረዥ።

ገንዘብ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ታሪካችሁን ለማሳተም ክፍያ የሚጠይቅ ሁሉ ለዚህ መመሪያ አሳታሚ አይደለም።

1. ርዝመቱን ወስኑ

ለጀማሪ ከ5,000 እስከ 8,000 ቃል ያለው አጭር ታሪክ ይሻላል። አነስተኛ አሳታሚዎች አራት፣ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ታሪኮችን በአንድ መድበል ማውጣት ይወዳሉ፤ አዲስ ስም ለመሞከር የሚደፍሩትም እዚያ ላይ ነው። ከ50,000 እስከ 60,000 ቃል የሚደርስ ሙሉ ልብወለድ ከማያውቁት ሰው መቀበል ግን የወራት ሥራ ነው፦ ማረም፣ ሽፋን ማሠራት፣ ገጽ ማቀናበር። በቀን 500 ቃል ብትጽፉ የ6,000 ቃል ታሪክ ረቂቅ በ12 ቀን ያልቃል። አንዱን ጨርሶ መላክ ደግሞ ያልተጨረሰ ልብወለድ ይዞ ከመክረም ብዙ ያስተምራል።

2. አሳታሚውን ፈልጉ፣ የማስገቢያ መመሪያውን እስከ መጨረሻው አንብቡ

ለፍለጋ ሁለት የመረጃ ቋቶች አሉ። «ሰብሚሽን ግራይንደር» ነፃ ነው፤ «ዱኦትሮፕ» በወር 5 ዶላር ያስከፍላል። ሁለቱም በዘርፍ፣ በቃል ብዛትና በክፍያ መጠን እንድትፈልጉ ያስችሏችኋል። በዚህ ዘርፍ ስማቸው የሚነሳ አሳታሚዎች ኤርሺፕ 27፣ ፕሮ ሴ እና ሙንስቶን ናቸው። ኤርሺፕ 27 የቅጂ መብታቸው ባበቃ የድሮ ገጸ ባሕርያት ላይ የተጻፉ መድበሎችን በሥዕል አጅቦ በማውጣት ይታወቃል፤ ሙንስቶን ደግሞ ከመብት ባለቤቶች ፈቃድ የወሰደባቸውን ገጸ ባሕርያት ያሳትማል። የሦስቱም በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት በዚያ ሳምንት እየተቀበሉ መሆኑን ከራሳቸው ገጽ ላይ አረጋግጡ።

መመሪያውን ስታነቡ እነዚህን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ፦

- ትንሹና ትልቁ የቃል ብዛት፣ የመጨረሻ ቀን።
- ርዕሰ ጉዳዩ። «የባሕር ጀብዱ» ካለ የበረሃ ታሪክ አይቀበልም።
- ያንኑ ታሪክ በአንድ ጊዜ ለሁለት አሳታሚ መላክ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?
- ቀድሞ በየትም ቦታ የወጣ ታሪክ ይቀበላሉ? በብሎግ ወይም በቴሌግራም ቻናል መለጠፍ ለብዙዎቹ እንደ መታተም ይቆጠራል።
- በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለተጻፈ ወይም ስለተተረጎመ ጽሑፍ ምን ይላሉ?

ማስጠንቀቂያ፦ የመጨረሻዋ ጥያቄ እኛን በተለይ ትነካናለች። ብዙ ሰው በአማርኛ ጽፎ በማሽን አስተርጉሞ ይልካል። የአጫጭር ታሪኮች መጽሔት የሆነው ክላርክስወርልድ በየካቲት 2023 በማሽን የተጻፉ ታሪኮች ስላጥለቀለቁት ለጊዜው መቀበል እስከ ማቆም ደርሷል፤ አዘጋጆች ከዚያ ወዲህ ጥብቅ ሆነዋል። መመሪያው የሚከለክል ከሆነ አትላኩ፤ ግልጽ ካልሆነ ከመላካችሁ በፊት በአጭር ኢሜይል ጠይቁ። በአማርኛ አስባችሁ በራሳችሁ እንግሊዝኛ ጻፉት፤ ሰዋስው የሚያርም ሰው ከዚያ ትፈልጋላችሁ።

3. አንዱን መጽሐፋቸውን እርሳስ ይዛችሁ አንብቡ

ለመዝናናት ሳይሆን ለመቁጠር አንብቡ። የመጀመሪያው ጠብ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው? ምዕራፎቹ ስንት ገጽ ናቸው? ደም ምን ያህል ይታያል? ፍቅር አለ? ስድብ በግልጽ ይጻፋል? አዘጋጁ የሚወደውን ነገር ከመመሪያው ይልቅ ያሳተመው ታሪክ በትክክል ይነግራችኋል። ሁለት ታሪክ ከቆጠራችሁ በኋላ አሳታሚው የሚወደውን ፍጥነት ታውቁታላችሁ።

4. ገጸ ባሕርይው የማን እንደሆነ ለዩ

ሦስት ዓይነት አለ፦ የራሳችሁ ፈጠራ፣ የቅጂ መብቱ ያበቃ የድሮ ገጸ ባሕርይ፣ ባለቤት ያለው ገጸ ባሕርይ። ልዩነቱን ሳያውቁ ገብቶ መጻፍ የወራት ድካም ያስቀራል፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ አሳታሚው ታሪኩን ቢወደውም ሊያወጣው አይችልምና።

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ለታተሙና መብታቸው በወቅቱ ለታደሰ ሥራዎች የአሜሪካ ሕግ የሚሰጠው ጥበቃ ከታተሙበት ዓመት ጀምሮ 95 ዓመት ነው። በ1929 የታተሙ ሥራዎች ጥር 1 ቀን 2025 ነፃ ሆነዋል። የመጨረሻዎቹ የሼርሎክ ሆምስ ታሪኮች ጥር 1 ቀን 2023 ነፃ ስለወጡ እሱን መጠቀም ይቻላል። ዶክ ሳቬጅ የተባለው የፐልፕ ጀግና ግን የጀመረው በ1933 ነው፤ እስከ 2028 መጨረሻ ባለቤት አለው። አንድ ወጥመድ ይቀራል፦ የታርዛን የመጀመሪያ ታሪክ በ1912 ወጥቶ የቅጂ መብቱ ቢያበቃም ስሙ የንግድ ምልክት ሆኖ ተመዝግቧል። ስሙን ሽፋን ላይ ማዋል ጣጣ ያመጣል።

የእኔ ምክር በመጀመሪያው ሙከራ የራሳችሁን ገጸ ባሕርይ እንድትፈጥሩ ነው። ከተወደደ ሁለተኛና ሦስተኛ ታሪክ ታወጡበታላችሁ።

5. ቦታውንና ዘመኑን አጥብቃችሁ ያዙ

የፐልፕ ወርቃማ ዘመን የሚባለው 1920ዎቹና 1930ዎቹ ነው፤ ዛሬም ብዙዎቹ ታሪኮች እዚያ ዘመን ላይ ይቀመጣሉ። ለእኛ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የተጫነው በኅዳር 1930፣ የጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረው ጥቅምት 3 ቀን 1935 ነው። ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በዚያ ጦርነት ለኢትዮጵያ በርሯል። የአሜሪካ አንባቢ ግብፅንና የአማዞን ደንን በፐልፕ ደጋግሞ አይቷል፤ የአዋሽን ድልድይ፣ የሶፍ ዑመርን ዋሻ፣ የዳሎልን ጨው ግን አላየም።

ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። «ሌሊት በ9 ሰዓት ጥቃት ተጀመረ» የሚለውን ቁጥሩን ሳትቀይሩ ወደ እንግሊዝኛ ካሻገራችሁት አንባቢው ከእራት በኋላ ያለውን ምሽት ያስባል፤ እናንተ ያሰባችሁት ግን ዶሮ ሳይጮህ ያለውን ሰዓት ነው። ዓመተ ምሕረቱም እንደዚሁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዛነፋል። ሁለተኛው የቃላት አጻጻፍ ነው። ጋቢ፣ ምንሽር፣ ፊታውራሪ የመሳሰሉትን በላቲን ፊደል እንዴት እንደምትጽፏቸው አንድ ጊዜ ወስናችሁ በዝርዝር ያዙ፤ ገጽ 3 ላይ አንድ ዓይነት፣ ገጽ 11 ላይ ሌላ ዓይነት ከሆነ አራሚው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል። ዝርዝሩን ታሪኩ ተቀባይነት ሲያገኝ ለአዘጋጁ ላኩለት፤ ይወደዋል።

6. ታሪኩን በአራት እኩል ክፍል አቅዱ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። የዶክ ሳቬጅን ታሪኮች አብዛኞቹን የጻፈው ሌስተር ዴንት የ6,000 ቃል ታሪክን ባለ 1,500 ቃል በሆኑ አራት ክፍሎች የሚከፍል ቀመር ትቶልናል። ዛሬም የዘርፉ ጸሐፊዎች ይሠሩበታል። የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው፦ በየ1,500 ቃሉ ጠብና ያልተጠበቀ መታጠፊያ ስለሚያስገድድ ታሪኩ መሐል ላይ የሚተኛበት ቦታ አያገኝም።

ከማቀዳችሁ በፊት አራት ነገሮችን ጻፉ፦ ለየት ያለ የግድያ መንገድ፣ ባላንጣው የሚፈልገው ለየት ያለ ነገር፣ ለየት ያለ ቦታ፣ በጀግናው ላይ እንደ ጥላ የሚያንዣብብ አደጋ። አራቱም አዲስ መሆን የለባቸውም፤ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ከሆኑ በቂ ነው።

አንድ ምሳሌ አብረን እናቅድ። ጊዜው መስከረም 1935፣ ጦርነቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት። ቦታው ድሬዳዋ። ጀግናው የምድር ባቡር መካኒክ። ባላንጣው የሚፈልገው «የስፌት መኪና» ተብለው ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ሳጥኖች ሳይከፈቱ እንዲደርሱ ነው።

*ክፍል አንድ (እስከ 1,500 ቃል)።* መካኒኩ የፉርጎ ፍሬን ሲጠግን ጥቃት ይደርስበታል። ታግሎ ያመልጣል፤ በትግሉ አንድ ሳጥን ይሰበርና ጥይት ይፈስሳል። የሚያውቀውን አንድ ደግ ነጋዴ ይጠይቃል፤ ነጋዴው «ዝም በል፣ ለጦሩ የተላከ ነው» ይለዋል። መታጠፊያው፦ ጥቃት ያደረሰው ሰው ኪስ ውስጥ መካኒኩ የሚሠራበት ጣቢያ የመግቢያ ወረቀት ይገኛል።

*ክፍል ሁለት (እስከ 3,000)።* ሳጥኖቹን ለመከተል ባቡሩ ላይ ይሳፈራል። በሚሄደው ባቡር ጣሪያ ላይ ሁለተኛው ጠብ። መታጠፊያው፦ አንዱን ጥይት በጥርሱ ከፍቶ ሲያየው ባሩድ የለበትም፤ አሸዋ ነው። ይህን ጥይት የያዘ ወታደር በጦር ሜዳ ባዶ እጁን ነው።

*ክፍል ሦስት (እስከ 4,500)።* ለባቡሩ ኃላፊ ሲናገር በሌብነት ተከሶ ይታሰራል። አብሮት ያደገው ጓደኛው ሊያስፈታው ሲሞክር ይገደላል። መታጠፊያው፦ ሳጥኖቹን የላከው ያ ደግ ነጋዴ ነው። ጀግናው ከዚህ የባሰ ቦታ ሊደርስ አይገባም፤ የሚወደውም፣ የሚያምነውም አልቋል።

*ክፍል አራት (እስከ 6,000)።* አዋሽ ድልድይ ላይ ከፉርጎው ሥር በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ከታች ገደል። ማንም አይመጣለትም። የሚያድነው በመጀመሪያው ክፍል ሲጠግነው ያየነው ፍሬን ነው፦ የትኛው ቱቦ ሲፈታ ባቡሩ እንደሚቆም ከሁሉ የሚያውቀው እሱ ነውና። ከነጋዴው ጋር የመጨረሻው ጠብ፤ ከዚያ የመጨረሻው መታጠፊያ፦ በነጋዴው ደብተር ላይ የጣቢያው አለቃ ስም።

ፍሬኑን ልብ በሉት። ክፍል አንድ ላይ ሲጠግነው ካላሳያችሁ፣ ክፍል አራት ላይ የሚመጣው መዳን ከሰማይ የወረደ ይመስላል፤ አንባቢውም ይከፋዋል። ስለዚህ ከመጨረሻው ጀምራችሁ አቅዱ፦ ጀግናው በምን ሙያው ነው የሚድነው? ያንን ሙያ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ሌላ ሥራ ሲሠራበት አሳዩ። ፖሊስ ደርሶ፣ ዝናብ ዘንቦ፣ ባላንጣው ተጸጽቶ ጀግናው ከዳነ ታሪኩ ፐልፕ አይደለም።

7. የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ከሁሉ አብልጣችሁ ሥሩት

አዘጋጁ ብዙ ታሪክ ከፊቱ ተደርድሮ ነው የእናንተን የሚከፍተው። የሚከተለውን ጅማሬ ተመልከቱ፦

«ድሬዳዋ ሞቃት ከተማ ናት። ባቡሩ በ1902 ከደረሰ ወዲህ ብዙ ነጋዴዎች ሠፍረውባታል። መካኒኩ የተወለደው በዚህች ከተማ ሲሆን…»

ስህተት የለበትም፤ ግን ማንም አደጋ ላይ አይደለም። አሁን ይህን ተመልከቱ፦

«ከፉርጎው ሥር ተንጋልሎ ቡሎን ሲያጠብቅ አንድ እጅ ቁርጭምጭሚቱን ጨምድዶ ያዘው፤ የረዳቱ እጅ አልነበረም፤ ረዳቱ ትናንት ተቀብሯል።»

ቦታው ታውቋል፣ ሙያው ታውቋል፣ አንድ ሰው ሞቷል፣ ሌላ ሊሞት ነው፤ አንባቢው ሁለት ጥያቄ ይዞ ወደ ቀጣዩ መስመር ይሄዳል። የከተማዋ ሙቀት በላብ የሚያዳልጥ መፍቻ ሆኖ በኋላ ይገባል። የታሪክ መረጃ ሁሉ እንዲህ በእጅ በሚያዝ ነገር በኩል ይግባ እንጂ ራሱን የቻለ አንቀጽ አይሁን።

8. ረቂቁን ሳታቋርጡ ጨርሱ፣ ከዚያ እረሙ

ረቂቅ እየጻፋችሁ አትመለሱ። የምትመለሱ ከሆነ የመጀመሪያው ክፍል አሥር ጊዜ ይታረማል፤ አራተኛው ግን አይጻፍም። ካለቀ በኋላ ጥቂት ቀን አሳርፉትና በሦስት ዙር እረሙት።

በመጀመሪያው ዙር የአራቱን ክፍሎች የቃል ብዛት ቁጠሩ። አንዱ ከሌላው እጥፍ ከሆነ የተኛው እዚያ ነው።

በሁለተኛው ዙር የጠብ ትዕይንቶቹን ብቻ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ከአማርኛ ይዘነው የምንመጣ ልማድ እዚህ ይታያል። አማርኛችን «ዘሎ፣ ጨብጦ፣ ጠምዝዞ፣ ጣለው» ብሎ አራት ድርጊት በአንድ ትንፋሽ ይሸከማል፤ ያምራልም። በእንግሊዝኛ ያንኑ ሰንሰለት ከሠራችሁ ግን ዓረፍተ ነገሩ ይከብድና ጠቡ ይቀዘቅዛል። ለአንድ ድርጊት አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ስጡ። ማን ማንን እንደመታ ወዲያው መታወቅ አለበት።

በሦስተኛው ዙር ለሁለቱ አንባቢዎች ስጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቋቸው፦ «የት ላይ ማንበብ አቆምክ?» ወይም «የት ላይ አቆምሽ?» «ወደድከው?» ብሎ መጠየቅ ከወዳጅ እውነት አያመጣም።

9. ፋይሉን በተለመደው ቅርጽ አዘጋጁ

ብዙ አዘጋጆች የሹን ፎርማት የሚባለውን ይጠይቃሉ፦

- ታይምስ ኒው ሮማን ወይም ኩሪየር፣ መጠን 12፣ ደብል ስፔስ፣ በአራቱም ጎን 2.54 ሴንቲ ሜትር ኅዳግ።
- የገጹ መጠን ኤ4 ሳይሆን ሌተር። ሀገር ቤት ያለ ኮምፒውተር በአብዛኛው ኤ4 ላይ ነው፤ ቀይሩት።
- በመጀመሪያው ገጽ ከላይ በግራ ሕጋዊ ስም፣ አድራሻና ኢሜይል፤ በቀኝ ወደ መቶ ቤት የተጠጋጋ የቃል ብዛት።
- ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ከላይ በቀኝ የጸሐፊው ስም፣ የርዕሱ ቁልፍ ቃልና የገጽ ቁጥር።
- የአንቀጽ ገብ (ኢንደንት) በስታይል ቅንብር እንጂ በስፔስ ቁልፍ አይሠራም፤ በስፔስ የተሠራውን ገጽ የሚያቀናብረው ሰው አንድ በአንድ እያጠፋ ይውላል።

የአማርኛ ኪቦርድ የምትጠቀሙ ከሆነ «፣» እና «።» በእንግሊዝኛው መሐል ሾልከው እንዳልገቡ በፍለጋ አረጋግጡ። የማረሚያ ቋንቋውንም የአሜሪካ እንግሊዝኛ አድርጉት። መመሪያው ከዚህ የተለየ ካዘዘ የእነሱን ተከተሉ።

10. በአጭር ሸኚ ደብዳቤ ላኩ

ሸኚው ሦስትና አራት መስመር ይበቃዋል፦ የታሪኩ ርዕስ፣ የቃል ብዛት፣ ለየትኛው መድበል እንደሆነ፣ ካለ ከዚህ በፊት የታተመ ሥራ። ከሌለ ዝም በሉ። ታሪኩን አትተርኩት፣ አታመስግኑትም። ስለምትጽፉበት ቦታ ልዩ እውቀት ካላችሁ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፤ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያደገ ሰው ስለ ባቡር ሲጽፍ አዘጋጁ ያምነዋል።

ቀኑን መዝግቡ። በመመሪያው ላይ «በ90 ቀን እንመልሳለን» ካለ እስከዚያ አትጠይቁ። ካለፈ በአንድ ትሁት መስመር ጠይቁ። እምቢ ሲባል መልስ አይጻፍም፤ ታሪኩ ለቀጣዩ አሳታሚ መመሪያ ይስተካከልና ይላካል። ስትጠብቁ ሁለተኛውን ጀምሩ።

11. ውሉን መስመር በመስመር አንብቡ

የመጀመሪያው «ተቀብለነዋል» ሲመጣ ደስታው ስለሚበዛ ሰው ሳያነብ ይፈርማል። አንድ ቀን አሳድሩት። የምትፈልጉት እነዚህን ነው፦

*የትኛው መብት?* ብዙውን ጊዜ ተገቢው በእንግሊዝኛ ለመጀመሪያ ጊዜ በመድበል የማሳተም መብት ነው፤ በወረቀትና በኢ-ቡክ። የድምፅ መጽሐፍ ለብቻው ይጠቀስ። «ሁሉም መብት፣ በሁሉም ቋንቋ፣ ለዘላለም» የሚል ካያችሁ አቁሙና እንዲስተካከል ጠይቁ። በተለይ የአማርኛ ትርጉም መብታችሁን አትስጡ፤ አሜሪካዊው አሳታሚ አይጠቀምበትም፣ እናንተ ግን ያንኑ ታሪክ አዲስ አበባ ልታሳትሙት ትችላላችሁ።

*ለስንት ጊዜ?* መድበሉ ከወጣ በኋላ ታሪኩን ሌላ ቦታ የማታወጡበት ጊዜ በቁጥር ይጻፍ፤ አንድ ዓመት የተለመደና ተገቢ ነው። አሳታሚው ቢዘጋ ወይም መጽሐፉን ሳያወጣ ቢቀር መብቱ ወደ እናንተ እንደሚመለስም ይጻፍ። አነስተኛ አሳታሚ በባለቤቱ ሕመም ብቻ ሊቆም ይችላል፤ ይህች አንቀጽ ከሌለች ታሪካችሁ ታግቶ ይቀራል።

*ገጸ ባሕርይው የማን ነው?* የራሳችሁ ከሆነ የእናንተ እንደሆነ ይቀጥላል የሚል ይኑር። «በቅጥር የተሠራ ሥራ» የሚል ሐረግ ካለ ሕጉ ጸሐፊ አድርጎ የሚቆጥረው አሳታሚውን ነው። የእነሱን ገጸ ባሕርይ ስትጽፉ ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ በራሳችሁ ፈጠራ ላይ ግን እምቢ በሉ።

*ስንት?* ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በቃላቱ ብዛት ነው፤ ለአንድ ቃል 1 ሳንቲም ከሆነ 6,000 ቃል 60 ዶላር ይሆናል። የአሜሪካ የሳይንስ ልብወለድና የፋንታሲ ጸሐፍት ማኅበር እንደ ሙያ ክፍያ የሚቆጥረው ለአንድ ቃል 8 ሳንቲም ነው፤ አነስተኛ አሳታሚዎች በአብዛኛው ከዚያ በታች ናቸው። ሌላው ሮያሊቲ፣ ማለትም ከሽያጩ የሚታሰብ ድርሻ ነው። እዚህ ላይ «ከተጣራ ገቢ 50 ከመቶ» የሚለው ምን ያህል እንደሆነ አስሉ። ባለ 200 ገጽ መጽሐፍ በአማዞን በ14.99 ዶላር ቢሸጥ ለአሳታሚው የሚደርሰው 60 ከመቶው፣ ማለትም ወደ 9 ዶላር ነው፤ ከዚያ የኅትመት ወጪ ወደ 3.40 ይቀነስና 5.60 ገደማ ይቀራል። ግማሹ ለአራት ጸሐፊዎች ሲከፈል ለእያንዳንዱ 70 ሳንቲም ነው። መቶ ቅጂ ተሸጦ 70 ዶላር። ስሌቱን ቀድሞ የሠራ ሰው ከአሳታሚው ጋር ያለ ምክንያት አይጣላም።

ማስጠንቀቂያ፦ የንባብ ክፍያ፣ የሽፋን ክፍያ፣ «ቢያንስ 50 ቅጂ ግዙ» የሚል ጥያቄ ካለ አትፈርሙ። የአሳታሚውን ስም «ራይተር ቢዌር» የተባለው የጸሐፍት ማስጠንቀቂያ ገጽ ላይ ፈልጉት።

12. ስም፣ ግብርና ክፍያ

በውሉና በግብር ቅጹ ላይ የሚሰፍረው በፓስፖርታችሁና በባንክ ደብተራችሁ ላይ ያለው ስም ነው፤ የብዕር ስም ለሽፋኑ ነው። የአባት ስም «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ ሲገባ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ይኑረው። አንድ ፊደል ሲለያይ ባንክ ገንዘቡን ሊመልሰው ይችላል።

ለግብር አሜሪካ ነዋሪ የሆነ ደብልዩ-9 የተባለውን ቅጽ፣ በውጭ የሚኖር የሌላ ሀገር ዜጋ ደብልዩ-8 ቤን የተባለውን ይሞላል። በውጭ ላለ ሰው ከሮያሊቲ ላይ 30 ከመቶ ይቀነሳል፤ ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው በዚያ በኩል ቅናሽ የለም። ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚላክ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። አሳታሚው የሚጠቀምበት የክፍያ አገልግሎት ባላችሁበት ሀገር ገንዘብ መቀበል የማያስችል ከሆነ ያኔውኑ ሌላ መንገድ ተስማሙ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- ጀግናው አሥር ገጽ እስኪሞላ ያስባል፣ ያስታውሳል፣ ሻይ ይጠጣል። ጠቡን ወደ መጀመሪያው ገጽ ጎትቱት።
- ባላንጣው ክፉ ስለሆነ ብቻ ክፉ ነው። የሚፈልገው ነገር ይኑረው፤ ያኔ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ እናንተም ታውቃላችሁ።
- በ1930ዎቹ የነበረውን የዘር ንቀት የዘመኑ ነው ብሎ መድገም። የዛሬ አሳታሚዎች የድሮውን ፍጥነት እንጂ የድሮውን ንቀት አይፈልጉም፤ ብዙዎቹ በመመሪያቸው ላይ ጽፈውታል።
- ምሳሌያዊ አነጋገር በየገጹ መተርጎም። በታሪኩ ሁሉ አንድ፣ እሱም በትክክለኛው ሰው አፍ።
- ፕሩፉ ሲመጣ አዲስ ትዕይንት መጨመር። ፕሩፍ ከመታተሙ በፊት የሚላክላችሁ የተቀናበረ ገጽ፣ የፊደል ስህተት ማረሚያ ነው፤ ገጹ ከተቀናበረ በኋላ አንድ አንቀጽ ሲገባ የቀሩት ገጾች ሁሉ ይንሸራተታሉ።
- የተላከውን ፋይል «ያሻሻልኩት ይኸውላችሁ» ብሎ ደግሞ መላክ። ያነበበው የትኛውን እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁለቱም ይጣላሉ። አንዴ ከላካችሁ እስከ መልሱ አትንኩት።